ሰዓቱ አልቆሸሸም ነበር

ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለቃለሕይወት ሐብተማርያም፤ ደርባን

ሳሮ፣ ሰላም ነህ ልጄ! ውቅያኖስ ዳር ለሚኖር ሰው ምን ተብሎ እንደሚመረቅ አላውቅም። ነፋሱ አይምታህ፣ የሀገሩ ሰው አይክፋብህ፣ ጌታ በወጣህበት መልሶ ያግባህ። እኛ በክረምቱ ጭቃ መካከል በቸርነቱ አለን። ጋሽ ቶማ ጉልበቱን ያመዋል፤ አፉን ግን እስካሁን ምንም አልነካውም።

በወረቀት መጻፌ አይግረምህ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ባለቤቴ ጋሽ ቶማ ቀድሞኝ ያነሳና ስፒከሩን ይከፍተዋል። አንተ እዚያ ስታስነጥስ ሰፈሩ ሁሉ እዚህ "ይማርህ" ይላል። ጽሑፍ ግን ያለ መነጽር አይታየውም፤ መነጽሩን የማስቀምጠው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ በእጄ እየጻፍኩ ገጹን ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። አንተም እንዲሁ አድርግልኝ።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርህ። ሽማግሌዎቹ ከወንድምህ ከሶርሳ ጋር ሊያስታርቋችሁ ቀን ቆርጠዋል። አባታችሁ ካረፈ ሦስተኛ ዓመት ሊሆን ነው፤ እናንተ ግን አንዳችሁ የሌላችሁን ድምፅ ሳትሰሙ ኖራችኋል። አቶ ወልደመስቀል "በቂም ጊፋታን የሚሻገር ቤት አዲሱ ዓመት አይገባለትም" አሉ። የጊፋታ ዋዜማ ቅዳሜ እኔ ቤት ይቀመጣሉ፤ አንተ በስልክ ትገባለህ። ሶርሳም እሺ ብሏል። በዚያው ቀን የአባታችሁ ሰዓት የማን እንደሚሆን ይነገራል። አንተ "አባባ ለእኔ ብሎኛል" ትላለህ፤ እሱ "አባቱን ላልቀበረ ምን ሰዓት አለው" ይላል። እስከዚያው ድረስ ሰዓቱ በአደራ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ መሆኑን ታውቃለህ። ቀኑ ሲደርስ በሁሉም ፊት ቆሜ "እንደተረከብኩት ይኸው" ማለት አለብኝ።

ሶርሳ ባለፈው ሳምንት ከበዴሳ መጥቶ ነበር። አቮካዶ በማዳበሪያ ሞልቶ አመጣልን። ሰዓቱንም ልየው ብሎ ይዞት ትንሽ ተቀመጠ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰዓቱ ፊቱ ላይ፣ በአራትና በአምስት ቁጥር መካከል፣ ጭረት ወጥቶበታል። አንተ በሰዓት መካከል ስለምትውል፣ እቤት ውስጥ የሚጠገንበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ጻፍልኝ። ገንዘብ አልጠይቅህም፤ እውቀት ብቻ ላክልኝ።

አክስትህ አባይነሽ

ደርባን፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ጤናዎ ይብዛልኝ፤ ለጋሽ ቶማ ጉልበት ምሕረት፣ ለአፋቸውም ትንሽ ዕረፍት ጌታ ይስጥልን። እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱ እዚህም አለ፤ ጭቃ ግን የለውም።

ሱቅ ውስጥ ሰዓት እሸጣለሁ እንጂ ጠጋኝ አይደለሁም። ሆኖም ከበራችን አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ አለ፤ ጥያቄዎን ይዤለት ሄድኩ። መጀመሪያ ያለው ይህን ነው፤ "እንዳይነኩት፣ እንዳይወለውሉት።" የአባባ ሰዓት ፊት ሲሠራም ደብዛዛ ነው። ጥቁሩ ብርሃን እንዳይመልስ ተብሎ ሆን ብለው ሻካራ ያደረጉት ነው። አባባም የወደደው ለዚሁ ነበር፤ በዴሳ ትምህርት ቤት ግቢ ቆሞ ደወል ሲያስደውል ፀሐዩ ዓይኑን ሳይወጋው ደቂቃውን ያነብ ነበር። እንዲህ ያለ ፊት ሲታሽ አይነጻም፣ ያብለጨልጫል። አንዴ ካብለጨለጨ ደግሞ ያው ጉዳት ነው። መስታወቱ ወልቆ ከሆነ አቧራ እንዳይገባበት ንጹሕ ብርጭቆ ይድፉበት፤ ፎቶውንም ይላኩልኝ።

ይህን ካልኩ በኋላ የሆዴን ልናገር። "ጭረት ወጥቶበታል" አሉኝ። ጭረት እንደ ብጉር በራሱ አይወጣም አክስቴ። ሶርሳ መጥቶ ሰዓቱን ይዞ እንደተቀመጠም ከዚያው በላይ ጽፈውልኛል። ጨዋ ስለሆኑ እሱ ነው የጫረው አላሉም፤ እኔ ግን ገባኝ። ለእኔ ከሚደርሰኝ ተበላሽቶ ይቅር ብሎ ነው። እኔ ያን ጊዜ የመኖሪያ ወረቀቴ ሳይታደስ ቀርቶ፣ ከወጣሁ እንዳልመለስ ሆኜ፣ ለአባቴ ቀብር መምጣት እንዳልቻልኩ እያወቀ "ያልቀበረ" ብሎ የሰደበኝ ሰው ይህን ማድረጉ አይደንቀኝም።

የፊታችን እሑድ ለአቶ ወልደመስቀል እደውላለሁ። እርቁ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ።

ቃለሕይወት

ሶዶ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቃልዬ፣ አትደውል! ለሰላምታውም ለምርቃቱም ጊዜ የለኝም፤ በኋላ እመርቅሃለሁ።

የጫርኩት እኔ ነኝ። ሶርሳ የለበትም። ስሙን ያነሳሁት ለአቮካዶው ብዬ ነበር፤ ነገሩ እንዲህ እንደሚመስልብህ አልታየኝም። ወይም ታይቶኝ ይሆናል፣ እንጃ፤ "ጫርኩ" ብሎ ለመጻፍ ብዕሬ እምቢ ሲለኝ "ወጥቶበታል" ብዬ ተገላገልኩ።

የሆነውን ስማ። ሶርሳ ሰዓቱን አገላብጦ አየና "አክስቴ፣ አባባ እጅ ላይ እንዲህ ደብዛዛ ነበር እንዴ?" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ አስቀምጦት ሄደ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እኛ ቤት የሰው ሰሃን እንኳ ታጥቦ ነው የሚመለሰው። የሟች ወንድሜን ሰዓት ከነእድፉ ሽማግሌ ፊት ላቅርብ? መስታወቱ ድሮም ልል ነበር፤ ጠርዙን በጥፍሬ ሳነሳው ብድግ አለ። ከዚያ የሰሃን ማጠቢያ ቃጫ ወስጄ፣ ጫፉን አለስልሼ፣ የተነፋ አመድ ነካ አድርጌ፣ ከቆጣሪዎቹ በታች ያለውን ቀስ ብዬ አሸሁት። ማብራት ሲጀምር ደስ አለኝ! "አየሽ አባይነሽ፣ ወርቅ ነው እኮ የሚወጣው" አልኩ ለራሴ። የወጣው ነሐስ ነው። ከቃጫው ውስጥ አንድ ጠንካራ ጭራሮ ነበረበት፤ ጥቁሩን ልጦ እስከ ሥሩ ወረደ።

ስንት ዓመት የእጅ ሥራ መምህርት ሆኜ፣ ጥልፍና ስፌት ሳስተምር የኖርኩ ሴት፣ ደብዛዛውን ቀለም እድፍ ነው ብዬ አጠብኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

አሁን የሚያስፈራኝ ሰዓቱ ብቻ አይደለም። በእርቁ ቅዳሜ ጭረቱን ሶርሳ ካየ አንተን ይጠረጥራል፤ "በአክስታችን በኩል አስበላሸብኝ" ይላል። አንተ ደግሞ ገና ሳታይ ጠርጥረኸዋል። እርቃችሁ በእኔ ቃጫ ቢፈርስ መቃብር ውስጥ ያለው ወንድሜ ምን ይለኛል? እባክህ አትደውል። የጥገናውን መንገድ ብቻ ጻፍልኝ። ፎቶው ይኸውልህ።

አባይነሽ

ደርባን፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ በሰላም ይቆዩልኝ

የዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ደብዳቤዎን ባንኮኒው ጋ ቆሜ ሳነብ "ወርቅ ነው የሚወጣው" ያሉት ጋ ስደርስ በሳቅ ፈረስኩ፤ ደንበኛ ጥሎኝ ወጣ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። አንድ መስመር አንብቤ ወንድሜን ፈረድኩበት። የእርስዎ ጭረት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የእኔ የት የት እንደሆነ እንጃ። አልደወልኩም፤ አይስጉ።

ፎቶውን ለሽማግሌው አሳየሁት። "በጣም የከፋ አይደለም" አለ። አሁን የምጽፍልዎትን ሳይቸኩሉ ይሥሩ።

ሰዓቱን አይሙሉት፤ በራሱ ይቁም። ሲቆም መጠምዘዣውን ሳብ አድርገው ሁለቱንም ቆጣሪዎች ወደ አሥራ ሁለት ይመልሷቸው፤ ያን ጊዜ የታችኛው ቦታ ነጻ ይሆናል። ቆጣሪዎቹን ለመንቀል በፍጹም አይሞክሩ። አመዱን በአፍዎ እፍ አይበሉ፤ ምራቅ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። የሕፃን ጆሮ የሚታጠብበት የጎማ መንፊያ ካገኙ በእሱ አየር ይስጡት። ከዚያ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ይፈልጉ። የጥፍር ቀለም አይሆንም፤ ያ እንደ ጫማ ያበራል። ቀለሙን በጣም አቅጥነው፣ በመርፌ ጫፍ፣ ጭረቱ ውስጥ ብቻ በነጥብ በነጥብ ያስቀምጡ። መስመር አይሳሉ፤ መስመር ከቀቡ ጠባሳ ይሆናል። አንዱ ነጥብ ሳይደርቅ ሌላው አይጨመርበትም። መጀመሪያ ግን ሰዓቱ ላይ ሳይሆን በቆርቆሮ ላይ ይለማመዱ።

ጭረቱ ሲሸፈን በዙሪያው የታሸው ቦታ ማብለጭለጩ ይቀራል። ለእሱ ሌላ ዘዴ አለ፤ እዚያ ሲደርሱ ይንገሩኝ።

አንድ ጥያቄ። ሽማግሌዎቹ ሰዓቱን ለማን ሊሰጡ ነው? ሰምተው ይሆናል።

ቃለሕይወት

ሶዶ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃለሕይወት

ባለፈው ያላደረስኩህን ምርቃት ዛሬ ደርቤ ልስጥህ፤ እጅህ የነካው ይቅና፤ ደንበኛህም ጥሎህ አይውጣ።

ቀለሙን የት እንዳገኘሁት ብትሰማ ትስቃለህ። የማያብለጨልጭ ጥቁር፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር እያልኩ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። ሁሉም "የሚያበራ ነው ያለን፣ እሱ ነው የሚሻለው" ይሉኛል። ተስፋ ቆርጬ በድሮው ትምህርት ቤቴ በኩል ሳልፍ ገብረማርያም፣ የግቢው ሠራተኛ፣ ልጆች ሳይገቡ ብሎ ጥቁር ሰሌዳዎቹን ቀለም ይቀባል። ቆሜ አየሁት። ይህ ቀለም ዕድሜ ልኬን ስጽፍበት የኖርኩት አይደል? ሰሌዳ ቢያብለጨልጭ ልጆቹ ምን ያነባሉ? በመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ቀዳልኝ። "ለምንሽ ነው መምህርት?" ሲለኝ "በጣም ለትንሽ ሰሌዳ" አልኩት።

ልምምዱ አይነሳ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ክዳን ላይ በምስማር ጫርኩና ጀመርኩ። የመጀመሪያው ነጥብ ዝንብ የጣለችው መሰለ። ቲነር ሳበዛበት ደግሞ እንደ ውኃ ሮጦ ጠፋ። የጥልፍ መርፌዬ ወፍራም ሆነብኝ፤ የዶቃ መስፊያዋን ቀጭኗን አወጣሁ። በእኔ መነጽር ላይ የጋሽ ቶማን መነጽር ደርቤ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስሠራ ጋሽ ቶማ ገባ። "መነጽሬን አይተሻል?" አለኝ፤ "አላየሁም" አልኩት፤ አፍንጫዬ ላይ እያለ! ደግነቱ ያለ እሱ ምንም አይታየውም።

ከብዙ ክዳን በኋላ ትናንት ወደ ሰዓቱ ገባሁ። ጠዋት ጥቂት ነጥብ፣ ሲደርቅ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ነጥብ። የነሐሱ መስመር ጠፍቷል ቃልዬ! ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ሳየው ቆየሁ። ደግሞም አለቀስኩ፤ ሰዓቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግን ፊቴን አዙሬ ነው።

የቀረው አንተ እንዳልከው በዙሪያው ያለው ያበራው ቦታ ነው። ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት እንደ ዘይት ጠብታ ይታያል። ዘዴውን ላክልኝ።

እዚህ በቆሎው እሸት ሆኗል። የሁምቦው ዘመዳችንም ዘንድሮ ዝናብ አግኝተናል ብሏል። ለጊፋታ ከእንሰት ሙቹዋ የሚሠራበት ቅቤ አስቀምጫለሁ፤ የዳጣው በርበሬ ግን ገና ነው።

አክስትህ አባይነሽ

ደርባን፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረስዎ። ስለ እጅዎ ጌታ ይመስገን። የሰሌዳ ቀለም የሚለውን ለሽማግሌው ስተረጉምለት "እኔም እገዛለሁ" አለ።

ስለ በቆሎው፣ ስለ ሁምቦ ዝናብ፣ ስለ ቅቤው አነበብኩ። የጠየቅኩዎትን ግን አላገኘሁትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው አክስቴ። ሰዓቱ ለማን ነው?

የመጨረሻውን ዘዴ የምጽፈው ይህን ከመለሱልኝ በኋላ ነው።

ቃለሕይወት

ሶዶ፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ

ለሶርሳ ነው።

ከአንተ ደብቄ ላስጨርስህ ፈልጌ ነበር፤ ይቅር በለኝ። ሽማግሌዎቹ ከነሐሴ ጀምሮ ሐሳባቸው ይኸው ነው። እሱ ባይራ ነው፤ የበኩር ልጅ የአባቱን ወንበርና የአባቱን ዕቃ እንደሚይዝ አንተም ታውቃለህ። ይህ ብቻ ቢሆን እኔም እከራከርልህ ነበር። ግን አባትህ በታመመ ጊዜ መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ባለሞተር እንኳ እምቢ ሲል፣ ከበዴሳ እስከ ዋናው መንገድ አዝሎት የወጣው ሶርሳ ነው። እኔ ከኋላ ጃንጥላ ይዤ እከተል ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርንህም፤ እንዳይቆጭህ ብለን።

አባትህ "ሰዓቱ ያንተ ነው" እንዳለህ አምንሃለሁ። ለሶርሳም ብሎት ይሆናል። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ፊት ለፊቱ ላለ ሰው እምቢ ማለት አይችልም ነበር።

እንግዲህ አሁን አወቅህ። ዘዴውን ለሶርሳ ብለህ አትጻፍ፤ ለእኔ ብለህ ጻፍልኝ። ካልሆነልህም አልቀየምህም። ሰዓቱን እንዳለ አቅርቤ "ያበላሸሁት እኔ ነኝ" እላለሁ፤ ያመነኝ ያምነኛል።

አባይነሽ

ደርባን፣ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለእናቴ ምትክ

ከዝምታዬ ያተረፉት ሥጋት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ጊፋታ ደርሷል፤ በየቀኑ ስልክዎን ሲያዩ እንደሰነበቱም ይገባኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ተናድጄ ነበር። መናደዴን ለምን እደብቃለሁ? ሰዓቱን አጥቼ፣ ላጣሁት ሰዓት ደግሞ ጥገና ማስተማር! አንድ ክፉ ሐሳብም መጣልኝ። "የሚያብለጨለጨው ቦታ ላይ ቫርኒሽ ይቀቡት" ብዬ ብጽፍልዎ እርስዎ አምነው ይቀቡት ነበር። ፊቱ በሙሉ ሚጥሚጣ የበላ ሰው ግንባር መስሎ ይቀር ነበር። ሶርሳም ዕድሜ ልኩን ያንን ያስር ነበር። ይህን ጽፌ ላክ የሚለውን ቁልፍ ከመንካቴ በፊት ከደብዳቤዎ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ቀረ፤ ሶርሳ አባባን አዝሎ በጭቃ ሲሄድ። ሶርሳ ወገቡን እንደሚያመው ልጅ እያለን ጀምሮ አውቃለሁ። ባልዲ ውኃ እንኳ እኔ ነበርኩ የማወጣለት።

አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀን ዝም ብዬ ሳስበው ሰነበትኩ። አባባን ያዘለው እጅ ሰዓቱን ቢያስር ምን ክፋት አለው? ይህን ስል አያቃጥለኝም ማለት አይደለም፤ ያቃጥለኛል። ግን ከልቤ ነው።

ዘዴው ይኸው። ምንም ቫርኒሽ አይቀቡ። ያበራውን ቦታ አይሸፍኑት፤ ይበትኑት። ከዚያው ከሰሌዳው ቀለም እጅግ በጣም ጥቂት በመርፌው ጫፍ ይንኩ፤ በወረቀት ላይ መታ መታ አድርገው ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ቦታው ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ይርጩት። መሐሉ ላይ ቀረብ ቀረብ፣ ወደ ዳር ሲወጡ አለፍ አለፍ ያድርጉት። ዳሩ የት እንደሚያልቅ ለራስዎም እንዳይታወቅዎ። ይህ ከሆነ ዓይን ያልፈዋል።

ሲደርቅ መስታወቱን ይመልሱ። ጠርዙን አስተካክለው፣ የጠርሙስ ክዳን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከሁሉም ጎን እኩል ይጫኑት። "ቀጭ" ካለ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ይሙሉትና ሰዓቱን ያስተካክሉት።

ቅዳሜ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲደውሉ ውሳኔውን እቀበላለሁ።

የእርስዎው ቃለሕይወት

ሶዶ፣ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለጠጋኙ

እፎይ! እስኪ ደግሜ ልጻፈው፤ እፎይ! ጌታ ለዚህ ቀን ያደረሰኝ ይመስገን። ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ድግሱን በዓይኔ አየሁ።

ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። ዐርብ ዕለት መስታወቱ ቀጭ ሲል ጮክ ብዬ ሃሌሉያ አልኩ፤ ጋሽ ቶማ ደንግጦ ከአልጋው ተነሳ። ሰዓቱን ወደ ብርሃን፣ ወደ ጥላ፣ ወደ ጎን አዘነበልኩት። የጫርኩት እኔ ሆኜ እንኳ ቦታውን ማግኘት አቃተኝ።

ፈተናዬ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጭረቱ ቢታይ ኖሮ መናገሬ የግድ ነበር። አሁን ግን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ሶርሳም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገቱን አቀርቅሮ ገባ። ጸሎት ተደረገ። አቶ ወልደመስቀል "እህታችን፣ አደራሽን አውጪ" አሉኝ። ሰዓቱን በነጭ ጨርቅ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "እንደተረከብኩት ይኸው" ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። "እንደተረከብኩት አይደለም" አልኩ።

ቃጫውን፣ አመዱን፣ ወርቅ መስሎኝ የወጣውን ነሐስ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። አቶ ወልደመስቀል በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ እየሳቁ እንደነበር በኋላ ገባኝ። ሶርሳ ግን አልሳቀም። ሰዓቱን ይዞ መስኮቱ ጋ ሄደ። አገላበጠው፣ አዘነበለው፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳለፈ።

"የታል?" አለኝ።

"ተጠግኗል።"

"ማን ጠገነው? እዚህ ከተማ ይህን የሚሠራ አለ እንዴ?"

"ወንድምህ። እጁ የእኔ ነው፣ ሥራው የእሱ ነው። ከደርባን እየጻፈ አሠራኝ።"

"ለራሱ መስሎት ነዋ" አለ ሶርሳ። ፊቱ ጠቆረ።

"አይደለም" አልኩት። "ለአንተ እንደሆነ ነግሬዋለሁ። ካወቀ በኋላ ነው የመጨረሻውን የጻፈልኝ።"

ልጄ፣ ያን ትልቅ ሰውዬ አይተኸው ቢሆን ኖሮ! በእህል ገበያ ማንም የማይረታው ሰው መስኮቱን ተደግፎ አለቀሰ። ቆይቶ ጋሽ ቶማ አንተ ጋ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ፣ ሶርሳ እጁን ያዘውና "ጋሼ፣ ይስጡኝ፣ እኔ ልደውል" አለ። ጋሽ ቶማ እንደ ልማዱ ስፒከሩን ሊከፍት ሲል ሶርሳ ነጥቆት ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል ገባ። ሽማግሌዎቹም አልተከተሉትም። ሥጋው ቀረበ፣ ሙቹዋው ቀዘቀዘ፤ እሱ አልተመለሰም። በመጨረሻ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሰዓቱን አስሮ፣ "ታርቀናል፣ ብሉ" ብሎ ተቀመጠ። ከዳጣው ጋር የበላውን ሥጋ ብነግርህ አታምነኝም።

እሑድ ጊፋታን ተሻገርን። እኔ ግን አንድ ነገር እየቆረጠኝ ነው። እንሰቱ መሐል ምን ተባባላችሁ? ሶርሳን ብጠይቀው "የወንድ ወሬ ነው" አለኝ። ወንድ ወሬ አያበዛም ያለው ማን ነው?

አክስትህ አባይነሽ

ደርባን፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ

ደስታ ሰውን እንዲህ ሰነፍ እንደሚያደርገው አላውቅም ነበር። "ነገ እጽፍልዎታለሁ" እያልኩ ይኸው ወር አለፈ። እድሜዎ ይርዘም፤ ዓይንዎ ይብራ፤ የጋሽ ቶማንም መነጽር ይመልሱላቸው።

ቅዳሜ ዕለት ስልኩ ሲጮህ የሽማግሌ ድምፅ ጠብቄ ነበር። "ቃሌ" የሚል ሰማሁ። የእንሰት ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። የተዘጋጀሁት ለሽማግሌ ነበር። ከዚያ ሶርሳ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በወላይትኛ፣ ልጅ ሆነን እንደምናወራው ዓይነት "ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሞላው?" አለኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃሉ ይህ ነው። "ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ፊት፣ እምቢ እስኪልህ። እምቢ ሲልህ አትግፋው" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

"ያልቀበረ" ስላለኝም ነገረኝ። "ሬሳ ሳጥኑን ስናነሳ የአንተ ቦታ ባዶ ነበር፤ ጎረቤት ገባበት። በአንተ ሳይሆን በዚያ ባዶ ቦታ ነው የተናደድኩት" አለኝ። እኔም ያን ቀን ሱቅ ዘግቼ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ የመዝሙሩን ድምፅ ተከትዬ በክፍሌ ውስጥ ዞር ዞር እያልኩ አብሬ እንደሸኘሁ ነገርኩት። አላወቀም ነበር። ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም ነበር።

አሁን የምነግርዎት ግን በመካከላችን ይቅር። ከዚያ ወዲህ ሶርሳ በየእሑዱ ይደውላል። "ያንተ ሰዓት ቆመ" ይለኛል፤ "ያንተ" ነው የሚለው። እኔም ከየት እንደተበላሸ እጠይቀዋለሁ፤ መጠምዘዣውን፣ ቆጣሪውን፣ ድምፁን አንድ በአንድ እናያለን። በዚያው የበዴሳን ገበያ፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የአባባን ነገር እያነሳን እንቆያለን። ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ፎቶውን አይቶ "ይህ ሰዓት ምንም አልሆነም" አለኝ። ባለፈው እሑድ "ለመሆኑ ሞልተኸዋል?" አልኩት። "አይ፣ ረሳሁት" አለ።

ሶርሳ የጆንያ ቁጥር እንኳ የማይረሳ ነጋዴ ነው። በየሳምንቱ፣ ልክ እሑድ ከመደወሉ በፊት፣ ሰዓት መሙላት የሚረሳ ሰው አይደለም። የነቃሁበት እንዳይመስለው ግን እርስዎም ዝም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ቃለሕይወት